በመስታወት ውስጥ ያለው የአባታችን በርኖስ

ይድረስ ለወንድሜ ለኪዳኑ አለምነህ፣ አዲስ አበባ

እንዴት ሰንብተሃል ወንድሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚነዘንዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ የትናየትስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እንደ ደባርቅ ብርድ ሳይሆን እንደ እግዚአብሔር ቸርነት አለን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል። እናታችን ግን አልጋ ከያዘች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። እንግዲህ ሰላምታ አላጓደልሁብህም። ከዚህ በታች ያለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስልክ ብደውል ብደውል አታነሳም። አንድ ቀን አንስተህ "ስብሰባ ላይ ነኝ" አልኸኝና ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ስለዚህ ጻፍሁልህ፤ ወረቀት አይዘጋም። የሚያደርስልህ ጎረቤታችን ዘመነ ነው፤ አውቶቡስ ይዞ እዚያው አዲስ አበባ እንደሚመላለስ ታውቃለህ። በእጅህ ሳይሰጥህ እንዳይመለስ በገብርኤል አስምዬዋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ በርኖሱን ልትወስድ የመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ለጥምቀት ጎንደር ፒያሳ ላይ የባህል ሳምንት አለ፣ የስሜን ሰው አለባበስ የሚታይበት ኤግዚቢሽን ነው፣ ሦስት ሳምንት ታይቶ ይመለሳል አልኸን። እናታችን ከሳጥኑ አውጥታ እያራገፈች ስታጣጥፈው አይተሃል። ከአባታችን የቀረን እሱ ብቻ ነው፤ ፎቶ እንኳ ተነሥቶ አያውቅም። ሁለት ክረምት ሙሉ የጥቁር በግ ፀጉር ፈትላ ያሠራችለት ልብስ ነው። መምሬ ገብረ ሚካኤልን አስጠርታ በእሳቸው ፊት፣ "ልጄ፣ አደራ። እኔ ስሞት ቃሬዛዬ ላይ የምትጥሉልኝ ይህንን ነው፤ በሌላ ልብስ ቤተ ክርስቲያን እንዳታደርሱኝ" ብላ ሰጠችህ። አንተም "ኧረ እማዬ፣ ምን ነካሽ!" ብለህ ጉልበቷን ሳምህ። መምሬም "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብለው መረቁህ።

ከዚያ በሩ ላይ ወረቀት አወጣህ። "ሰጊ፣ እዚህች ላይ ፈርሚ፣ መረካከቢያ ናት" አልኸኝ። ፈረምሁ። አላነበብሁትም። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ግን ታላቅ ወንድሟ ያመጣውን ወረቀት ፊቱ ላይ ዘርግታ የምታነብ እህት "አላመንሁህም" ማለቷ አይደለም ወይ? ነውር መሰለኝ። ይኸው ይሉኝታ ጉድ ሠራኝ።

ሦስቱ ሳምንት አለፈ። ጥምቀትም አለፈ። እናታችን ከተኛች ወዲህ ነጋ ጠባ ጥያቄዋ "በርኖሱ መጣ ወይ?" ነው። እኔም ዳባት ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው፣ ጠርዙ ተተርትሮ እየተሰፋ ነው እያልሁ መዋሸት ያዝሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለገዛ እናቴ ውሸታም አደረግኸኝ። ባለፈው ማክሰኞ አልቻልሁም። እናታችንን ከልጄ ከስጦታ ጋር ትቼ በማለዳ ሚኒባስ ጎንደር ወረድሁ።

ኤግዚቢሽኑ እስካሁን አልተነሣም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ አዳራሹ ውስጥ እንደገባሁ ደስ ብሎኝ ነበር። የኛ ዕቃ እንዲህ ሲከበር አይቼ አላውቅም። ሰፌዱ፣ ስልቻው፣ የበቅሎ ኮርቻው፣ ሁሉም መብራት በርቶለታል። ተማሪው፣ ፈረንጁ፣ ሙሽራው ሳይቀር ፎቶ ይነሣል። "ወይ ጉድ፣ ጓዳችን ከተማ ገባ!" እያልሁ ብቻዬን ስስቅ በርኖሱን አገኘሁት። መሐል ላይ ለብቻው፣ በመስታወት ውስጥ፣ ከእንጨት በተሠራ ትከሻ ላይ ሰቅለውታል። ጠጋ ብዬ ላሸተው ብል አፍንጫዬ መስታወቱን መታው።

ጽሑፉን አነበብሁ። እንዲህ ይላል፦ «የፊታውራሪ አለምነህ በርኖስ። በግራ ትከሻው ላይ የሚታየው ቀዳዳ በጦር ሜዳ በጥይት የተበሳ ነው። በልጃቸው በአቶ ኪዳኑ አለምነህ ለዘለቄታው የተበረከተ።» ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። ፊታውራሪ! አንተ ሰው፣ አባታችንን መቼ ሾምኸው?

ያን ቀዳዳ እኔም አንተም እናውቀዋለን። አባታችን ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ ሲጠብቅ፣ በዚያ ውርጭ ማለዳ ማማው ሥር እሳት አንድዶ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው፣ ፍም ተፈናጥሮ ትከሻውን በላው። ዝንጀሮው ገብሱን ይበላል፣ እሱ እየጨሰ ወደ ቤት ይሮጣል፤ ጎረቤቱ ነብር የገባ መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ። እናታችን ስቃ ስቃ ስታበቃ ጥቁር ክር ስላልነበራት በቀይ ክር ጣፈችው። ያ ቀይ ክር አሁንም አለ። አንዱ ተማሪ ለጓደኛው "አየኸው፣ ደሙ እኮ ነው" ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።

ሕሊና የምትባል አስጎብኚ ልጅ ነበረች። ይህ ጥይት አይደለም፣ ፍም ነው አልኋት። እሷም በትሕትና፣ ቤተሰቡ ራሱ የነገረን ነው እናቴ አለችኝ። ቤተሰቡ እኔ ነኝ ብላት ግራ ገብቷት ፋይሉን አምጥታ አሳየችኝ። ለዘለቄታው የተሰጠ፣ ተመላሽ የማይጠየቅበት ይላል። ከሥሩ ያንተ ፊርማ፣ ከሱ ሥር በምስክርነት የእኔ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ። ልጅቱ ውኃ አመጣችልኝ፤ የሷ ጥፋት አይደለም። አለቃዋንም ጠየቀችልኝ። ያበረከተው ሰው ራሱ መጥቶ የሰጠው ታሪክ ስሕተት መሆኑን በፊርማው ካመነ ልብሱ ይመለሳል፣ የምስክር ቃል ግን አይበቃም አሉ። እንግዲህ ቁልፉ ያለው አንተ ዘንድ ነው።

ስወጣ ደግሞ ግድግዳው ላይ ፎቶህን አየሁ፤ መድረክ ላይ የምስክር ወረቀት ስትቀበል። ጋቢ ለብሰሃል። የለበስኸውን ጋቢ የፈተለችው እናታችን ናት ኪዳኑ! ትንሽ አታፍርም?

ተማሪ ቤት "የዝንጀሮ አባራሪ ልጅ" እያሉህ እያለቀስህ ትመጣ እንደነበር አልረሳሁም። ያኔ እኔ ትንሿ ነበርሁ የተጣላሁልህ፤ አንዱን በድንጋይ ፈንክቼልህ ተገርፌያለሁ። ግን አንተ ደብተርና ጫማ ያገኘኸው በዚያው ገብስ አይደለም? እያንዳንዷን ዛላ ከዝንጀሮ አፍ ነጥቆ ነው ያስተማረህ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆንህብን። ልብሱን ብቻ ብትወስድ ልብስ ነው ብዬ ባለቀስሁና በተውሁት። አንተ ግን አባቴን አውርደህ የማላውቀውን ሰው ሰቀልህበት። የሞተ አባት "አይ፣ እኔ እንዲህ አይደለሁም" ብሎ አይከራከርህ ነገር! እንዲህ ያለውን ሰው አገሩ አደራ በላ ይለዋል። በወንድሜ ላይ ይህን ቃል እጽፋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር። ጽፌዋለሁ፤ አልሰርዘውም።

ለእናታችን ላልነግራት ነበር ሐሳቤ፤ ፊቴን አይታ አወቀች። ሐሙስ ዕለት መምሬ ባሉበት አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ጥይቱ ላይ ስደርስ ሳቀች፤ ሳል እስኪያፍናት ሳቀች። "ፍም እኮ ነው! ጥይት ቢሆን ኖሮማ እንደዚያ እየጮኸ አይመጣብኝም ነበር" አለች። ትንሽ ቆይታ ሳቋን አቆመችና "ታዲያ ምን ለብሼ ልሄድ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መምሬ አንገታቸውን ደፉ።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ልቧ ደክሟል፣ እንግዲህ ከቤት አታውጧት ብሏል። መምሬ ደግሞ ሑዳዴን መጨረሷን እንጃ ይላሉ። ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበል። ጎንደር ውረድ፤ ፈርም፤ ያንን ጽሑፍ አስነሣና ልብሱን ይዘህ ና። ሰው ምን ይለኛል አትበል፤ እኔ ወለል ላይ ስቀመጥ ሰው ሁሉ አይቶኛል፣ አልሞትሁም። እሷን ቤተ ክርስቲያን ካደረሰ በኋላ መልሰን እንስቀለው ብትሉ አልከለክልም። ያን ጊዜ ግን ጽሑፉን እኔ እጽፋለሁ፦ የገበሬው የአለምነህ በርኖስ፤ ገብስ ሲጠብቅ ፍም በላው፤ ሚስቱ ጣፈችው።

ለየትናየት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ልጆቹን ሳምልኝ፤ አያታቸው ማን እንደነበረ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። ስጦታ የላክህላት ደብተር ማለቁን ንገሪልኝ ብላ ሰላም ብላሃለች። ባለቤቴ ደምለውም ሰላም ብሎሃል፤ ከንዴቱ ሌላም ነገር ብሏል፣ አይጻፍም። መምሬ ገብረ ሚካኤል በርኖሱን ይዞ ከመጣ እኔው ራሴ አስታርቃቸዋለሁ ብለዋል።

እናታችንን ካንቺ ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኋት። ሁልጊዜ የምትልክብህ "ዓይኑን ሳሚልኝ" እንደሆነ ታውቃለህ። አሁን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፦ "የፊታውራሪው ልጅ ከሆነ እኔ እዚያ ቤት አላገባሁም፣ አላውቀውም በይው። የአለምነህ ልጅ ከሆነ ግን የአባቱን ልብስ ይዞ ይምጣ፤ እጠብቀዋለሁ።"

እህትህ ሰገነት አለምነህ
ደባርቅ፣ የካቲት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.