በሪፖርት የጠፋው የለቡ ጭስ

ለክቡር የቤተሰብ ኃይል አጠቃቀም ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በተለይም የቢሮዎን ንጹሕ አየር ፈጣሪ እንዲያቆይልዎ እመኛለሁ። እኔ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ እየሸጥኩ የምኖር ኑረዲን ጀማሉዲን የተባልኩ ሰው ነኝ። ተቆጥቼ የምጽፍልዎ እንዳይመስልዎ፤ ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፣ የእኔ ጉልበት ደግሞ በየቢሮው ደረጃ ላይ አልቋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ዝምታ ግን ስለነቀዘ ነው ይህን መጻፌ።

ጽሕፈት ቤትዎ በቅርቡ ያወጣውንና ባለፉት ዓመታት የሀገራችን የማገዶና የከሰል ፍጆታ እንዴት እንደተጓዘ የሚያሳየውን ጥናት በአድናቆት ተመልክቻለሁ። በሌላው ቦታ የግራፉ መስመር እያዘገመ ሲሄድ፣ በእኛ ሰፈር ግን ቁልቁል ተንደርድሮ መሬት ነክቷል። መስመሩ ሲወድቅ በቦታው ስለነበርኩ አወዳደቁን ላስረዳዎ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ መረጃ እንዲሰበስብ ስለላኩልን ሚሳኤል ስለተባለው ትሑት ወጣት አመሰግናለሁ። ሳይደውልና ቀጠሮ ሳይዝ አልመጣም፤ ያሳደጉት ይባረኩ። ነገር ግን እንግዳ እመጣለሁ ብሎ ከተናገረ እኛ ዘንድ ቤት ይሰናዳል። ባለቤቴ ዙሌካ የከሰል ማንደጃውን ከጓሮ ቆርቆሮ ሥር ሸሸገች፣ የከሰሉን ማዳበሪያ በሸራ ሸፈነች፣ ከቁም ሳጥን በላይ አቧራ የጠጣውን የኤሌክትሪክ ስቶቭ አውርዳ ወልውላ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ምነው ብላት፣ «የመንግሥት እንግዳ ጭስ ውስጥ አላስቀምጥም፤ ኋላ ምን ይለናል?» አለችኝ። ጎረቤቶቻችን ወይዘሮ ጫልቱና ወይዘሮ ራኬብም እንደዚሁ አድርገዋል። ሚሳኤል ስቶቩን አየ፣ በስቶቩ የፈላውን ሻይ ጠጣ፣ መርቆን ሄደ። ክቡር ሆይ፣ በጥናትዎ «የኃይል ሽግግር» የተባለው የአንድ ጠዋት የቤት ጽዳት ነው።

ሁለተኛ፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር አቅሙ ትንሽ ነው። ረፋድ ላይ ሻይ ያፈላል፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ ግን አምፖሉ ይቀላል፣ ስቶቩም እጅ ቢያሳርፉበት አያቃጥልም። ስለዚህ እራታችን የሚበስለው እንደ ድሮው በከሰል ነው። ዙሌካን ሳል ከያዛት ቆይቷል፤ ሐኪሙም ሳንባሽ ከእንግዲህ ጭስ አይችልም ብሏታል። ይህን ስሰማ ፈራሁ፤ ጎረቤት አስተባብሬ ትራንስፎርመሩ ይቀየርልን ብለን ለመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት አመለከትን። መልሱ ከእርስዎ ጥናት የተቀዳ ነበር፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ገና ከሰል ላይ ላሉ ሰፈሮች ነው፣ እናንተ ተሻግራችኋል ተባልን። ዙሌካ ስነግራት እያሳለች ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ቀርቶ ሳሉ ብቻ ቀጠለ።

ሦስተኛ፣ ስሕተቱን ለማሳረም እርስዎ ቢሮ ድረስ መጥቻለሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ወንበር ስባ አስቀምጣኝ፣ መረጃው ከራሳችሁ የተገኘ ስለሆነ የሚታረመው በሚቀጥለው ጥናት ነው፣ እሱም በጀት ሲፈቀድ ነው አለችኝ። «አባቴ፣ ከሰል መቀነሱ እኮ ሊያስደስታችሁ ይገባል» ብላም አጽናናችኝ። እውነቷን ነው፤ ደስ ያላለን ምስጋና ቢሶች ስለሆንን ነው። ለታ የተባለው ከሰል ሻጫችን ግን ዜናውን ገና አልሰማም መሰለኝ፣ ሱቁን በጎን በኩል አስፍቶታል።

አራተኛው ምስጋና ብቻ ነው። በመንገዳችን መግቢያ ላይ «ከጭስ የተላቀቀ ሰፈር» የሚል ሰሌዳ ስላስተከሉልን እግዜር ይስጥልን። አመሻሽ ላይ ጭሱ ስለሚጋርደው ለማንበብ ረፋድ ላይ መምጣት ይሻላል።

ክቡር ሆይ፣ ደክሞኛል። የምለምንዎ ብዙ አይደለም፤ ሚሳኤልን በእራት ሰዓት፣ ሳይደውል ይላኩልን። ያን ጊዜ የሚያየውን ይጻፍ፤ መስመሩ ሽቅብ ቢወጣና ቢያሳፍረን፣ ኀፍረቱን እኛ እንችለዋለን።

መልካም ሥራዎ በሌሎች ሰፈሮችም እንዲህ ባለ ፍጥነት እንዲከናወን እየተመኘሁ፣ ለከፍተኛ ወንበርዎ የሚገባውን እጅ መንሳት ከሳል ጋር አቀርባለሁ።

ከተሻገረው ሰፈር ሳይሻገር የቀረው አክባሪዎ
ኑረዲን ጀማሉዲን
ለቡ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ካልኩ በኋላ የተጨመረ፤ ደብዳቤውን ሳልልከው ዙሌካ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ሀና ማርያም እኅቷ ሐሚዳ ቤት ገብታለች፤ እዚያ መብራቱ ይበረታል። ከተጋባን ወዲህ ተለያይተን ኖረን አናውቅም ነበር፤ አሁን እንደ ሩቅ ዘመድ በሚኒባስ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ማንደጃውን የማራግበው እኔ ነኝ። ስለ ማብሰያ የሚጠይቁት የቤቱን እመቤት ብቻ እንደሆነ ሚሳኤል ነግሮኛልና፣ በሚቀጥለው ጥናት ቤታችንን ከሰል ከማይጠቀሙት ጋር ቢደምሩት ማንም አይከስዎትም፤ የምትጠየቅ ሴት የለችበትም።