የባትሪው መዝሙር

ማሴጎዬ፣

ከፍራንሲስታውን ከተማ ነው የምጽፍልሽ፤ ግራ ገብቶኛል። ትናንት ወንድሜ የሚያስተምርበት የዓይነ ስውራን ሙያ ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ እኛ ቀብር ላይ በምናዜመው ዜማ ሲዘምሩ ሰማሁ። ሰው ሞቶባቸዋል ብዬ ሻርፔን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁና ሲጨርሱ ጮክ ብዬ "አሜን!" አልኩ። ሁሉም በሳቅ አውካኩ።

"እማማ፣ ማን ሞተ ብለው ነው?" አለኝ ኦትሲሌ የሚባል ተማሪ። "የባትሪ አገጣጠም እኮ ነው!"

ለካ የሶላር ጥገና መጽሐፋቸውን ነው የሚዘምሩት። ትምህርት ቤቱ ገዝቶታል፤ ግን በብሬል ለማባዛትም ሆነ በድምፅ ለመቅዳት የአሳታሚው ፈቃድ ያስፈልጋል አሉ። ቢጠይቁ መልስ የለም፤ ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ ወንድሜ ያነባል፣ እነሱ በዜማ ይይዙታል።

"መዝሙሩስ ቅጂ አይደለም እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው ወንድሜ ራሱን አከከ። ኦትሲሌ ግን "ቀስ ይበሉ እማማ፣ አሳታሚዎቹ እንዳይሰሙብን!" አለኝ።

እኛ ከተማ ማውን ውስጥ መዝሙር ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አለ? ዓይናማው ገዝቶ ያነባል፤ እነዚህ ገዝተውም ያስፈቅዳሉ። እንጃ፣ አልገባኝም።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ መዘምራኑን ሁሉ ሰላም በይልኝ። ዜማው ከአፌ አልወጣ ብሏል። የመጀመሪያውን ስንኝ እዚህ ልጽፍልሽ ብዬ ፈራሁ፤ ፖስት ካርድ ማንም ያነበዋል። ስመጣ እዘምርልሻለሁ፤ በሩን ብቻ ዝጊልኝ።

ያንቺዋ ጎራታ