ድመቶች የሞሉት ጉባኤ

ወዳጄ ወልደ ሚካኤል፣ እንደምን ከርመሃል?

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ደብር አንድ ጉባኤ አየሁልህ። ለጣሊያን የገቡት ቀኛዝማች ፈንታው ሕዝቡን ለመሐላ ጠርተው ነበር። ሕዝቡ ግን ጫካ ገብቷል፤ ቅጽሩን የሞላው ጥሎት የሄደው ድመት ነው። የእኛ የደሴ ድመት ቅቤ ትሰርቃለች እንጂ ደጀ ሰላም አትሳለምም። የዚህ አገሩ በየመቃብሩ ላይ ተኮልኩሎ ቀኛዝማችን ያዳምጣል። ጣሊያናዊው ሻምበል የዓሣ ቆርቆሮ ሲከፍት ግን ሁሉም ጥለዋቸው ወደ እሱ ሮጡ።

"ሕዝቡ የታለ?" አለ ሻምበሉ። ቋንቋውን ስለማውቅ እንዳስተረጉም ተገደድኩ። ብቻቸውን የቀሩት አረጋዊ ቄስ፣ አባ እንዳላማው፣ ቀኛዝማችን እያዩ፣ "ሰው የሆነው ሁሉ ዱር ነው። እዚህ የቀረው ላጎረሰው የሚያድር ብቻ ነው" አሉ።

እንዳይገድሏቸው ፈርቼ፣ "ድመቶቹ የዋህ ናቸው ይላሉ" ብዬ ተረጎምኩ። ሻምበሉ ደስ ብሎት አባን ዓሣውን ጋበዛቸው። "ጾም ነው" አሉና ለቀኛዝማች አቀበሏቸው። ቀኛዝማችም ከድመቶቹ ጋር እየተሻሙ በሉ።

ይህች የፖስታ ካርድ ሞላች። ልጅህን ሽታዬን ሳምልኝ። አንብበህ አቃጥላት፤ ቀኛዝማች ማንበብ ባይችሉም የሚያነብላቸው አያጡም።

ሙላት