ማስተዋልን ከትምህርት ቤት አወጣኋት

ይድረስ ለልጄ ለአትጠገብ፣ ቤይሩት

ደብረ ታቦር ኢየሱስ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፤ በገባሽበት ቤት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። የጉና ውርጭ ገብሱን መትቶብናል፤ ላሚቱ ግን ወልዳለች።

ጉድ ሆኛለሁ ልጄ። ልጅሽ ማስተዋል በገባችበት አዲስ ትምህርት ቤት ልጆቹ ሲዘፍኑና ሥዕል ሲስሉ ይውላሉ ሲባል ሰምቼ፣ ፊደሏን ልይ ብዬ ማክሰኞ ሄድኩ። እኔ በሃምሳ ዓመቴ፣ በስንት ስድብ የቆጠርኩትን ፊደል እሷ በጊዜዋ እንድትይዘው ነበር ምኞቴ። ስደርስ ምን ልይ! ሕፃናቱ እስከ ክርናቸው ጭቃ ተለውሰዋል፤ የምታሠራቸው ደግሞ ድስት ሻጯ ውባንቺ ናት! ዕቃዋን እንገዛለን እንጂ ዓይኗን ፈርተን ደጃችንን የማናስረግጣት ሸክላ ሠሪ! ልጆቹ «መምህርት» ይሏታል። ማስተዋል ጭኗ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

«የልጅ ልጄን ሸክላ ሠሪ ልታደርጊያት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

ቀና ብላ፣ «እሜቴ፣ ለመሆኑ የዛሬውን ወጥ በማን ድስት ሠርተው መጡ?» አለችኝ።

ልጅቷን ጎትቼ ወጣሁ።

ይኸው አራት ቀን ሆናት፤ አታናግረኝም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

እመቤታችን ዓይንሽን ሳላይ አትግደለኝ። እባክሽ ልጄ፣ «ይመልሷት» ብለሽ ጻፊልኝ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ እናቷ አዘዘችኝ እላለሁ።

እናትሽ ስንዱ