ሜላት ስለ ነፋሱ የምትጠይቀው ማንን ነው

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10፣ ጧት
ነፋስ ከደቡብ፣ ያልተቆራረጠ። ሐይቁ ላይ ነጫጭ አረፋ አልፎ አልፎ። ለካይት የተመቸ ቀን። ስልኬ አልጮኸም።

የልጅ ልጄ ሜላት ሰሌዳ ላይ ቆማ፣ በካይት፣ በአየር በተነፋ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ፣ እየተጎተተች ውሃውን የምትሰነጥቅ ልጅ ናት። እስካለፈው ወር ድረስ ከቤቷ ሳትወጣ ነፋሱ እንዴት ነው ብላ ትደውልልኝ ነበር። እኔም ከሰገነቴ አይቼ እነግራት ነበር። አሁን የምትጠይቀው የእናቷን እናት፣ ወ/ሮ ብዙነሽን ነው። ከደሴ ገና መምጣቷ! ለእሷ ልብስ ያደረቀ ነፋስ ሁሉ ጥሩ ነፋስ ነው።

ረፋድ
በሩቅ ማያ መነጽር አየሁ። ብዙነሽ ካይቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ አማትባበት ለቀቀችው። ሰው አጨበጨበ። መጋረጃዬን ዘጋሁ። መልሼ ከፈትኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13
ሜላት መጣች። ወሬዋ ሁሉ እማማ ብዙ። አብሬያቸው እንድወርድ ለመነችኝ። ጉልበቴን አመካኘሁ።
«ማማዬ፣ ጄለስ ሆንሽ እንዴ? ቀናሽ?» ብላ ሳቀች።
ጫማሽን በር ላይ አውልቂ አልኳት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17፣ ረፋድ
ሙቀት። የደቡቡ ነፋስ እየደከመ ነው። በሰሜን በኩል ጥቁር የደመና መስመር። አልወደድኩትም። የሰሜን ነፋስ ከዚህ ዳርቻ ወደ ሐይቁ መሐል ነው የሚገፋው። ሜላት ውሃ ላይ ናት፤ ስልኳ መኪና ውስጥ። ዳር ያለችው ብዙነሽ ብቻ።

ደውዬላት አላውቅም። እንኳን ደህና መጣሽ ልላት ቤቷ ድረስ ሄጃለሁ፤ እሷ እኔን መልሳ አልጠየቀችኝም። ስለዚህ ቀድማ መደወል ያለባት እሷ ናት።

ላንተ ለደብተሬ አልዋሽም፤ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። የብዙነሽ «ጥሩ ነፋስ» የሚያመጣውን ሜላት ራሷ እንድታየው ፈለግሁ። ደመናው ቀረበ። ደወልኩ።

«ማን ልበል?»
«የሜላት አባት የአበራ እናት ነኝ። ልጅቷን ከውሃ አስወጪያት!»
«ምነው? ነፋሱ እንዲህ ደስ እያለ!»
«ልብስ ልናሰጣ ነው እንዴ? ነጠላሽን አውለብልቢ አልኩሽ!»

በባዶ እግሯ ሮጠች። ነጠላዋ ከራሷ በላይ። ሜላት አይታት ወጣች። ካይቱ ተንፍሶ ሳያልቅ የሰሜኑ ነፋስ ደረሰ፤ የዳርቻውን ወንበሮች እያንከባለለ ውሃ ውስጥ ከተታቸው። ተቀመጥኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18፣ ከቅዳሴ መልስ
ሴቶቹ ሁሉ ብዙነሽን ከበው ስለ ነጠላዋ ያወራሉ። ሜላት «ያዳነችኝ እማማ ብዙ ናት» ትላለች። ፈገግ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ።

ከሰዓት በኋላ
ብዙነሽ በሬን አንኳኳች። ሙዝ ይዛ። ማን እንደደወለ ለሜላት እንደነገረቻት ገለጸችልኝ። ደመናውን እንዴት እንዳወቅሁት ጠየቀችኝ፤ አስተምሪኝ አለች። የምቀናበት ሰው ሙዝ ይዞ ሲመጣ ምን ይባላል?

ማታ
ወስኛለሁ። ቅዳሜ ወደ ዳርቻው እወርዳለሁ። የሰሜኑን ነፋስ ምልክቶች አንድ በአንድ አሳያታለሁ፤ የልጅቷ ነፍስ ነው።
የደቡቡን አላሳያትም። ስለ እሱ ሜላት እኔን ትጠይቅ።