የሟሸሸው መንጋጋዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018

ዛሬ ከታላቅ እህቴ ከአልማዝ ጋር ጦር ኃይሎች ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሴ አልቀመጥ ብሎኛል፤ ሳወራ ይነሳል። ሐኪሙ ራጁን እያሳየኝ፣ "ጥርስ ሲነቀል የመንጋጋው አጥንት ሥራ ይፈታና እየሟሸሸ ይሄዳል። ጉንጭዎ የገባው፣ አገጭዎም ወደ አፍንጫዎ የተጠጋው ለዚህ ነው" አለኝ።

"ይመለሳል?" አልኩት።

"የሄደው አይመለስም።"

ማንን ልውቀስ? በሰፈራችን ጥርስ ካመመ ምክሩ "ነቅለሽ ተገላገይ" ነው። እኔ ሠላሳ አምስት ሳይሞላኝ ተገላግዬ ጨረስኩ። አልማዝ መርፌ ስለምትፈራ እያመማትም ቢሆን ጥርሷን ይዛ ቀረች።

ስንወጣ አንዲት ጠና ያለች ነርስ አልማዝን፣ "ደረጃው ያዳልጣል፣ እናትሽን ደግፊያቸው" አለቻት። በሰባት ዓመት የምትበልጠኝን አልማዝን። ሁለታችንም አላረምናትም። አልማዝ ክንዴን ይዛ አወረደችኝ።

በታክሲ ወደ ኮልፌ ተመለስን። ሰፈር ስንደርስ ጎረቤታችን እንደ ልማዷ አንድ ነገር ብላ አሳቀቻት። አልማዝ ያንን ሙሉ ጥርሷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

እስከ ዛሬ ስስቅ አፌን የምሸፍነው እኔ ብቻ ነበርኩ።