በሸማ ተራ ያልሠራኸው ሥራ

ውድ ቢኒ፣

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት ለወጉ ያህል ነው፤ ልብህ እንዳይሞቅ። ቴሌግራም ላይ ብሎክ ስላደረግኸኝ፣ ስልኬንም ስለማታነሣ፣ በወረቀት ጽፌ በእህትህ በሙሉዬ እጅ ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው። የኢንተርንሺፕህ ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ከትናንት ወዲያ የአባቴ ስልክ ጮኸ። የእንቁጣጣሽ ገበያ ሲደርስ ሱቃችን እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ማለቴ፣ አውቃለሁ ብለህ ጽፈሃል። አባቴ በአንድ እጁ ጋቢ ዘርግቶ ለደንበኛ እያሳየ፣ እንደ ልማዱ ስልኩን ላውድ አድርጎ ከፈተው። የደወለችው ሴት ከጨርቃ ጨርቅ ላኪው ድርጅት ነበረች። እኔም አንተም ለኢንተርንሺፕ ያመለከትንበት፣ እኔን ያልጠራኝ ድርጅት።

«አቶ ጓንጉል ነዎት? ቢኒያም የሚባል ተማሪ እርስዎን ምስክር አድርጎ ሲቪ አስገብቶልናል» አለችና ታነብለት ጀመር። በሸማ ተራ ጅምላ ሱቅ ውስጥ ጋቢና ነጠላውን በየሸማኔው ለይቶ አደራጅቷል። የጥለቱን ፎቶ በቴሌግራም ለክፍለ ሀገር ደንበኞች እየላከ ትእዛዝ ተቀብሏል። ከዚያ ወዲህ «ያዘዝነው ይህን አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ዕቃ ቀንሷል።

ቢኒ፣ ያ ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። አንተ እዚያ ሱቅ ውስጥ የሠራኸው ነገር ቢኖር የጋቢ እስር ላይ ተጋድመህ ስልክህን መነካካትና የአባቴን ምሳ መብላት ነው። ሲቪዬን ሳሳይህ ምን ነበር ያልከኝ? «ሐሙ፣ ሱቅ ምናምን አታስገቢ፤ ፋራ ያስመስልሻል።» እኔ ሞኟ አወጣሁት። በምትኩ ከኢንተርኔት ያወረድክልኝን ሞላሁበት፦ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም። እሱን አገር ሙሉ ይጽፈዋል፤ ማንም አንብቦ ስልክ አያነሣም። ሰው የሚጠራው የት ምን እንደሠራ፣ በመሥራቱም ምን እንደተለወጠ ሲጽፍ ነው። ይህን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ባዶውን ሰጥተህ የእኔን ሙሉውን ለራስህ ወሰድከው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማህም? በዚያ ሲቪ ላይ የራስህ የሆነው የኮከቦቹ ነገር ብቻ ነው። ያኔ ስታሳየኝ ለአማርኛ ችሎታህ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥተህ ነበር። እዚሁ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ተወልደህ አድገህ አምስተኛዋን ለማን እንዳስቀረሃት እስከዛሬ አልገባኝም። ወድጄህ ነበር፤ ይህን አልክድም። አሁን ግን ስምህ ሲነሣ ማዘኑ ቀርቶ ይቀፈኛል።

ሴትዮዋ አንብባ ስትጨርስ ለአባቴ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ አላውቀውም በላት ማለቴ ነው። አየኝና ፊቱን አዞረ።

«አዎ፣ እኛው ጋ ነው የሚሠራው» አላት።

«ጥሩ ሠራተኛ ነው?»

«ልጅ ነው። ይማራል።»

አመሰገነችው። እንዲህ ያለ የገበያ ልምድ ያለው ሌላ ተማሪ የሚያውቁ ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ እንቀበላለን ብላ ዘጋችው።

«አባዬ፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

«በእኔ አፍ የሰው እንጀራ አይዘጋም» አለኝ ጋቢውን እያጠፈ።

ነገሩ በዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን ምሳውን ገፋው። ለደንበኛ ዋጋ ሲናገር ሁለቴ ተሳሳተ። ሱቁን ልንዘጋ ስንል «ያ ልጅ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሥራውን ነዋ። እኛ ጋ ይሠራል ብያለሁ። በስተርጅና ውሸታም ሊያደርገኝ ነው?»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ቅዳሜ ይምጣ። ካልመጣ መልሼ ደውዬ፣ ተሳስቻለሁ፣ እኛ ጋ አይሠራም እላታለሁ» አለ። አባቴን መቼም ታውቀዋለህ፤ ይደውላል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሱቁ ሳይከፈት ና። ነጩን ጫማህን ቤት ተወው፤ የመርካቶ የክረምት ጭቃ አያዝንለትም። ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄደውን እስር ትሸከማለህ፣ ጥለት ከጥለት መለየት ትማራለህ፣ ዋጋ የሚከራከር ሰው ሲቆጣህ ዝም ብለህ ትሰማለህ። እስከ በዓሉ ዋዜማ እንዲህ ነው። የምታዘዘውም ለእኔ ነው፤ አባቴ ይራራልሃል።

እኔም አዲስ ሲቪ ጽፌያለሁ። ሱቁን ከሁሉም በላይ አስቀመጥኩት። በስተመጨረሻ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «ለበዓል ገበያ የመጣ አንድ አዲስ ሠራተኛ ሥራ አስለምጃለሁ።» አባት ለልጁ ምስክር ስለማይሆን፣ በምስክር ቦታ ያንተን ስምና ስልክ አስገብቻለሁ። ሴትዮዋ ስትደውል አንሣላት፤ ከማን ሥራ እንደተማርክም ንገራት።

ያልተሠራ ሥራ ስለማልጽፍ ግን እስካሁን አልላክሁትም። ቅዳሜን እየጠበቅሁ ነው።

አለቃህ፣
ሐመልማል ጓንጉል